ቋንጣው እስኪደርቅ

ሙቀቱን ለማብረድ ሰማዩን በሰው ሠራሽ ጉም ከጋረዱት ወዲህ ፀሐይ የምትባል የለችም። መብራትም ስለጠፋ የአስካለ ፍሪጅ የልብስ ሳጥን ሆኗል።

የመጨረሻዋ ላማቸው ሣር አጥታ ስትወድቅ ባሏ ይርዳው አረዳት። አስካለ ሥጋውን ዘልዝላ፣ ያላትን ጨው ሁሉ አሽታ ገመድ ላይ ሰቀለችው። ቋንጣው ግን በመድረቅ ፈንታ መሽተት ጀመረ።

«በጭስ እናድርቀው» አለች።

«እንጨት ከየት መጥቶ?»

መጥረቢያውን አንሥታ የልጆቹን አልጋ ፈለጠችው። እሱ ነድዶ ሲያልቅ በሩን ነቀለች።

«ኧረ አንቺ ሴት! ልጆቹ በብርድ ያልቁብናል!»

«ብርዱንስ ተቃቅፈው ይችሉታል፤ ረሃቡን በምን ይችሉታል?»

በሩም አመድ ሆነ። አስካለ አንዱን ቋንጣ ቆርሳ አየችው፤ ውስጡ ገና እርጥብ ነው። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ይርዳው ጣሪያው ላይ ወጣና ማገር መንቀል ጀመረ።