አንዲት ጥርስ

የአባቱን መኪና የመሪ ዘንግ ጠግኖ መልሶ ሲያጋጥም፣ ዙሪያውን ጥርስ ያለውን መጋጠሚያ ሆን ብሎ በአንዲት ጥርስ አዛነፈው። ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ሲሄዱ መሪው ወደ ግራ ያጋድላል። የአባቱ ዐይን ደክሟል፤ ባለፈው ሳምንት አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ሳይገጩ የቀሩት ለጥቂት ነው፤ መንዳት ይብቃዎት ቢባሉ ግን በጄ አላሉም።

«እስኪ ይሞክሯት፣ አባባ» አለ፣ ፊታቸውን ላለማየት መሣሪያዎቹን እየሰበሰበ።

አዛውንቱ ሰፈሩን ዞረው ተመለሱ። ሞተሩን አጥፍተው እጆቻቸውን አገላብጠው አዩ።

«መሪው ጠመመብኝ። የመኪናዋ ጥፋት ነው እንዳልል፣ የሠራሃት አንተ ነህ። የከዳኝ እጄ ነው ማለት ነው።»

ቁልፉን መዳፉ ላይ አኖሩለት። ያሰበው ሰመረ፤ ቁልፉን ግን ኪሱ ለመክተት አልደፈረም።

«አባባ፣ እኔ…» ብሎ ጀመረ።

«ተወው» አሉና ትከሻውን መታ መታ አድርገው ወደ ቤት አመሩ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ዘወር አሉ።

«እናትህን አሳፍረህ ከመውጣትህ በፊት ያቺን ጥርስ ወደ ቦታዋ መልሳት። እንዲህ አድርገህ ግጠም ብዬ አላስተማርኩህም።»