የጠመኔው መስመር

ልብስ ሰፊው ሁለቱን የሪሞት መኪናዎች መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። የልጁ ነበሩ።

ልጁ ከሞተ ሁለት ወር ሆኖታል። ልብስ ሰፊው አላለቀሰም። ሲያጽናኑት «እሺ» ይላል፣ ሲያቀርቡለት ይበላል፣ ሲነጋ ሱቁን ይከፍታል። ነገር ዓለሙን ትቶታል። የቀረው ጉዳይ አንድ ብቻ ነው፤ ሰኞ ጠዋት የትራፊክ መርማሪው ፊት ቀርቦ ልጁን የገደለው የሚስቱ ወንድም መሆኑን ማሳየት።

የሚስቱ ወንድም መካኒክ ነው። ከአደጋው አንድ ሳምንት በፊት የቤቱን መኪና የፊት ጎማ ክንዶችና የመሪ ዘንግ የቀየረው እሱ ነበር። የአደጋው ቀን ፀሐይ ነበር፣ መንገዱም ቀጥ ያለ ነው። ልብስ ሰፊው ይነዳል፣ ልጁ ከጎኑ ተቀምጧል። ጎማው አንዲት ጉድጓድ መታ፤ መኪናው ወደ ቀኝ ሄደ፣ ሄደ፣ ከዛፍ ጋር ተላተመ። የመኪናው ፊት እንዳልነበር ስለሆነ ከብረቱ የሚታወቅ ነገር አልተገኘም።

ያን ቀን ጠዋት ልጁ ቁልፉን ለምኖት ነበር። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ወሩ ነው። በዚያ ሰሞን ሁሉን እኔ ልሥራ ባይ ሆኖ ነበር፤ ጨርቁንም እኔ ልቁረጥ፣ መኪናውንም እኔ ልንዳ። አባቱ ስቆ ከለከለው።

አሁን ከፊቱ ካሉት መኪናዎች አንዱ ርካሹ ነው። እያንዳንዱን የፊት ጎማ የሚይዘው አንድ ክንድ ብቻ ነው፣ መሪውን የሚገፋውም ዘንግ አጭር ነው። ጎማው እብጠት ላይ ሲወጣ ክንዱና ዘንጉ እኩል ስለማይነሱ፣ ማንም ሳያዘው ፊቱን ሊያዞር ይችላል። ሁለተኛው ውዱ ነው። ላይና ታች ሁለት ክንድ አለው፣ ዘንጉም ከክንዶቹ ጋር ይመጣጠናል፤ ጎማው ቢነሳም ቢወርድም ፊቱን አያዞርም። ይህን ሁሉ ያስረዳው ልጁ ነበር። ያኔ ግማሹንም አልሰማውም፤ አሁን በቃሉ ይወጣዋል።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ርካሹ ይስታል፣ ውዱ ቀጥ ይላል። ክንድና ዘንግ በትክክል ካልተገጠሙ መሪ ምን እንደሚያደርግ መርማሪው በዓይኑ ያያል።

እሑድ ከሰዓት ከሱቁ ጀርባ ያለው ሲሚንቶ ላይ ሲባጎ ወጥሮ፣ በልብስ ጠመኔው የአሥር ሜትር መስመር አሰመረ። መሀል ላይ ቀጭን እንጨት አጋደመ። ሪሞቱን በግራ እጁ ያዘ፣ ቀኝ እጁን ሪሞቱ ላይ ባለችው ትንሽ መሪ ላይ አሳረፈ። ሴት ልጁ ደብተርና ሜትር ይዛ ጫፍ ላይ ቆመች።

ርካሹ እንጨቱን ዘለለ።

«ስንት?»

«አርባ ሴንቲ፣ ወደ ቀኝ።»

አምስት ጊዜ ነዳው። አምስቱንም ጊዜ ወደ ቀኝ።

«አየሽ? ልክ እንደኛ መኪና።»

ከዚያ ውዱን ነዳ።

«ሠላሳ ስድስት» አለች ልጅቷ። «ወደ ቀኝ። አባዬ፣ ይሄኛው እኮ ቀጥ ማለት ነበረበት።»

ልብስ ሰፊው ቁጢጥ ብሎ ክንዶቹን አየ። ብሎኖቹን ፈታ፣ አጠበቀ፣ እንደገና ነዳው። ሠላሳ ስምንት።

«እነዚህን መኪናዎች የገጣጠማቸው ማነው?»

«አጎቴ።»

«በቃ!» አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «የሱ እጅ የነካው ነገር ቀጥ አይልም። ካደጋው በፊት የስፌት ማሽኔን ላስተካክልልህ ብሎ ከነካካው ወዲህ ስፌቴ ሁሉ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ሦስት ሱሪ መልሰውብኛል።»

«ጣትህ እየደማ ነው፣ አባዬ።»

«የቱ?»

መርፌ ቀኝ ጠቋሚ ጣቱ ላይ ተሰክቶ ቀርቷል፤ ጠዋት ሲሠራበት የነበረው። ነቀለና ኮሌታው ላይ ሻጠው።

«ሐዘን ነው» አለች ሚስቱ ከበሩ። «እኔም የምበላው አይጥመኝም።» ከኋላዋ ወንድሟ ቆሟል። ልብስ ሰፊው ሲያየው ፊቱን አዞረ።

«እኔ ነኝ ና ያልኩት» አለች። «ነገ ልታሳስረው ከሆነ ዛሬ ዓይኑን እያየህ ንገረው።»

መካኒኩ ከስቷል። ደብተሩን ከልጅቷ ተቀብሎ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበበ፤ ርካሹን አየ፣ ውዱንም አየ።

«ጋሼ፣ ዘንጉን ለክቼ ነው የገጠምኩት። ሁለት ጊዜ ለክቻለሁ» አለ። ቀጠለ፦ «እንጃ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሐሳቤ ስንት ጊዜ እንደፈታሁትና እንደገጠምኩት አልነግርህም። እነዚህንም የገጠምኩት እኔው ነኝ፣ ሁለቱም ሳቱ። እኔ ነኝ ማለት ነው።»

ደብተሩን ለልጅቷ መለሰላት።

«ነገ አንተ አትናገር። ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ራሴ እፈርማለሁ። እህቴ በኛ መሀል አትሰንጠቅ።»

ሚስትየው ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ልብስ ሰፊው ደስ ይለኛል ብሎ የጠበቀበት ሰዓት ይህ ነበር፤ ግን ምንም አልተሰማውም።

«ፊርማ ብቻ አይበቃም» አለ። «መርማሪው ራሱ ይየው።» ስልኩን አወጣና ሪሞቱን ለልጅቷ አቀበላት። «አንቺ ንጂ፣ እኔ ልቅረጽ። መጀመሪያ ርካሹን፣ ቀጥሎ ውዱን።»

«ነድቼ አላውቅም እኮ።»

«ችግር የለውም። መስመሩን ብቻ ተከተዪ።»

መስመሩ መጨረሻ ላይ ተንበርክኮ ስልኩን ደገነ።

ሁለቱም መኪናዎች፣ አንዱ ካንዱ በኋላ፣ እንጨቱን ዘለው፣ ከጠመኔው መስመር ሳይወጡ ጉልበቱ ሥር መጥተው ቆሙ። ልብስ ሰፊው ቀኝ እጁን አየ፤ ጣቱ አሁንም ይደማል፣ እሱ ግን አይሰማውም።