እንከን ያልተገኘበት ሰዓት

ሴትዮዋ ያንኑ ውድ የስዊዝ ሰዓት በመሐረብ ጠቅልለው ለሦስተኛ ጊዜ ብቅ ሲሉ የፒያሳው ሰዓት ሠሪ ደሙ ፈላ። ሁለቴ ፈታትቶ እያንዳንዷን ጥርስ በአጉሊ መነጽር አይቷል። በገዛ እጁ ላይ አስሮትም ሰንብቷል፤ ሰዓቱ ዝንፍ አላለም።

«እማማ፣ ይኸ እኮ የመንገድ ዳር ሰዓት አይደለም። ገና ከፋብሪካው ሳይወጣ እያገላበጡ፣ በብርድና በሙቀት ፈትነው ያሳለፉት ነው። እንከን የለበትም አልኩዎት!»

«ልጄ እጅ ላይ ግን ይቆማል» አሉ ሴትዮዋ ቀስ ብለው። «ባሰርኩለት በማግስቱ፣ ቢበዛ በሠልስቱ ይቆማል።»

ሰዓት ሠሪው ነገሩ ገና አሁን ገባውና ከት ብሎ ሳቀ።

«ታዲያ ሰነፉ ልጅዎ ነዋ! ይኸ ሰዓት ባትሪ የለውም፤ የሚሞላው እጅ ሲንቀሳቀስ ነው። ከአልጋው ይነሣና ወዲያ ወዲህ ይበል!»

«አውቃለሁ» አሉ። «ሲገዛው ነግሮኛል። መኪናው ተገልብጦ እንዲህ ከተኛብኝ ወዲህ ነው እኔ ያሰርኩለት። ሐኪሞቹ ተስፋ የለውም ይሉኛል። እኔ ደግሞ፣ እንቅልፍ ሲጥለኝ ወይ ለጉዳይ ስወጣ፣ እኔ ሳላየው እጁን ያንቀሳቅስ ይሆናል ብዬ…»



ሴትዮዋ ሰዓቱን ከመሐረቡ አውጥተው ወደ እሱ ገፋ አደረጉት።

«እስቲ በሞቴ፣ አንድ ጊዜ ደግመህ እየው የኔ ልጅ። ትንሽ እንከን አታጣበትም።»