ዝናብ አሳሪው

በስድሳ ስድስት ክረምት ዝናቡ እስከ ተራራው አናት እየመጣ ይመለስ ነበር። ወዲያ ማዶ፣ ሸህ አህመድ ቀዬ፣ ሌት ተቀን ይዘንባል። ወዲህ፣ አሻግሬ ቀዬ፣ አቧራ ይነሳል። በመካከላቸው የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ የለም።

አሻግሬ ካቻምና ወንድ ልጁን፣ ዘንድሮ ደግሞ ሴት ልጁን ቀብሯል። የቀረችው አንዲት ልጁ ሐረግ በረሃብ ደክማ ከመደብ መነሳት አቅቷታል።

የቀዬው ሰው ነገሩን ከደመደመ ቆይቷል። ዝናቡን ያሰሩት ሸህ አህመድ ናቸው፤ ዱዓቸው ይሰማል፣ ለሰፈራቸው ብቻ አድርገውታል። አሻግሬ መካነ ሰላም ገበያ ወጥቶ አዲስ አበባ ላይ ሚኒስትሮች እየታሰሩ ነው ሲባል ሰማ። ዝናብ ያሰረን ሰው ግን የሚያስር አልተገኘም።

«ሂድና እግራቸው ላይ ውደቅ» አለችው ሚስቱ። «እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክመህ ከለመንካቸው እምቢ አይሉህም፤ ትልቅ ሰው ናቸው።»

ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጦ ትከሻው ላይ አደረገና ተራራውን ወጣ። አናቱን እንደተሻገረ ዝናቡ ፊቱን መታው። ቁልቁል ሲያይ ሁሉም አረንጓዴ ነው።

ሸህ አህመድ ግቢ ሲደርስ እሳቸውና ሽማግሌዎች ዱላቸውን ይዘው ከጣራው ክፈፍ ስር ቆመዋል። ደጃፉ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል።

«ጎተራው ሞልቶባቸው ለሌላ ጎተራ መቆሚያ እያዘጋጁ ነው» አለ በልቡ።

ከቤቱ ጭስ አይወጣም። እህል ውሃ ቅመስ ያለውም የለም። ጥጋብ እንዲህ ያሰስታል እንዴ? ቢሆንም ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

«ሸህ አህመድ፣ በነቢዩ ይዤዎታለሁ! አጥፍተን ከሆነ ይማሩን። አንዲት ልጅ ናት የቀረችኝ። ዝናቡን ይልቀቁልን!»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ዝናቡን?» አሉ ሸህ አህመድ። «ይኸ ዝናብ እኮ ነው ምስሩን ከነሥሩ አበስብሶ፣ ገብሱን አስተኝቶ የፈጀን። ትናንት የልጅ ልጄን ቀበርኩ።»

ከዚያ ጎንበስ አሉና ከደጃፉ አንዱን ድንጋይ አንስተው ማጅራታቸው ላይ ጫኑ፤ ፊት ለፊቱም ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። «ወደ እናንተው ልንመጣ ስንነሳ ነው የደረስክብን። በወለደችህ ይሁንብህ አሻግሬ፣ ፀሐይዋን ልቀቁልን!»