የማህበሩ ማህተም

ሊቀመንበሩ የጃፓን ታሪክ ወዳጆች ማህበርን ማህተም ካፌው ጠረጴዛ ላይ ጎለተና ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ጎልማሳ፣ አፉን እንኳ ሳያስከፍተው፣ በጥያቄ ያጣድፈው ጀመር። በጃፓን ጦር ታሪክ ሳይፈተኑ አባል መሆን ብሎ ነገር የለም።

«ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አብቅቷል ቢሉት አላምን ብሎ ጫካ የመሸገው ጃፓናዊ ወታደር ስንት ዓመት ቆየ?»

«እንጃ።»

«ሃያ ዘጠኝ! ይህንኑ የሚነግር ወረቀት ከሰማይ ቢበተንለት የጠላት ተንኮል ነው ብሎ እርፍ!» ሊቀመንበሩ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «ሰው እንዴት ይህን ያህል ይደነቁራል?»

«ጋሼ፣ እኔ ለፈተና አልመጣሁም» አለ ጎልማሳው አንገቱን ደፍቶ። «አባላቱ ናቸው የላኩኝ። ማህበሩ ከፈረሰ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ደብዳቤም ጽፈውልዎታል። ማህተሙን ተቀብለህ ና ብለውኝ ነው።»

ሊቀመንበሩ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ማህተሙን ኪሱ ከተተ።

«ደብዳቤውን አይቼዋለሁ። የእነዚያ የቻይና ታሪክ ወዳጆች ሥራ ነው። አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ!»