የጉንዳኖቹ ምልክት

ጉንዳኗ ፍርፋሪዋን ተሸክማ፣ ጥቁሮቹን ባልዲዎች ዞር ብላ እንኳ ሳታይ ጉድጓዷ ውስጥ ጥልቅ ስትል የተመራማሪዋ ወሽመጥ ቁርጥ አለ። ጉንዳኖቹ ቤታቸውን፣ ወር ሙሉ በጉድጓዱ ግራና ቀኝ ባስቀመጠቻቸው በሁለቱ ባልዲዎች መሃል ማግኘት የለመዱ መስሏት፣ ዛሬ ባልዲዎቹን ወደ ግራ አርቃቸው ነበር። በባልዲዎቹ የሚመሩ ቢሆን ወደ ግራ ይሳሳቱላት ነበር። አንዷም አልተሳሳተችላትም።

«የወር ልፋቴ ገደል ገባ፣ አባዬ» አለች በደረቷ እንደተኛች።

«አይዞሽ ልጄ፣ እነሱም ደክሟቸው ይሆናል» አሉ አባቷ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ፀሐይ እንዳይመታት ትልቁን ጃንጥላቸውን ዘርግተው በየቀኑ ከጉድጓዱ አጠገብ እንደ ምሰሶ ይቆሙላት ነበር። አሁን ግን እግራቸው ደንዝዞ ከነጃንጥላቸው ወደ ቀኝ ራመድ አሉ። ይሄኔ ከኋላ የመጣችው ጉንዳን መንገዷን ቀየረች። ጉድጓዱን በጎን አልፋ ቀጥ ብላ ወደ እሳቸው ሄደች፤ ተከታዮቿም እንዲሁ።

«አባዬ፣ እንዳይነቃነቁ» አለች፤ ሳቋ አፈናት። ባልዲውን፣ ፍርፋሪውን፣ ጥላውን ሁሉ ለክታ ስታስተካክል፣ አባቷን ከሙከራው መቁጠር ረስታ ኖሯል።

አባትየው ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ጫማቸውን እየዞረች መግቢያ የምትፈልገውን ጉንዳን ቁልቁል ተመለከቱ።

«ቤቱ እኔ ከሆንኩ» አሉ በሹክሹክታ፣ «በሩን በየት በኩል ላሳያት?»