የፍሬን ቱቦው

ሂሻምን ሐረጎ ቁልቁለት ላይ የበላው ዝገት ነው። ይነዳው የነበረው መኪና የፍሬን ቱቦ በነዳጅ ታንከሩና በሻንሲው መካከል ሳስቶ ሳስቶ ተበስቷል። የሐርቡ መንገድ ጭቃ እዚያ ጥግ ከገባ ክረምት ከበጋ አይደርቅም፤ መኪናውን ቢያጥቡትም ውሃው አይደርስበት፣ ዓይንም አያየው።

አባቱ አብዱልወሀብ ላንድክሩዘሩን አስጎትቶ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ግቢው ውስጥ አቆመው። ሽጠው ቢሉት በጄ አላለም። ዛሬ አዲስ ቱቦ አሰረለትና ውስጡ የቀረውን አየር ለማስወጣት ልጁን ሱዓድን ፔዳሉ ላይ አስቀምጦ ከስር ገባ። የሁለት ሰው ሥራ ነው። ድሮ ከላይ የሚቀመጠው ሂሻም ነበር።

"ምቺ!" ፔዳሉ ሦስቴ ተመታ። "ያዢ!" ተያዘ። ጎማው ጋ ያለውን የአየር ማስወጫ ብሎን ሲያላላው የፍሬን ዘይቱ አረፋ እየደፈቀ ወጣ፤ መልሶ ዘጋው። "ልቀቂ!" ተለቀቀ።

እንዲህ እያሉ ሦስቱን ጎማ ጨረሱ። እግሯ እንዲህ ይጸናል ብሎ አላሰበም።

"ማሻአላህ! ልክ እንደ ወንድምሽ ነው የምትይዢው" አላት።

አራተኛው ላይ ደረሰ። "ያዢ!" ተያዘ። ብሎኑን አላላው።

ይሄኔ የግቢው በር ተከፈተና የሱዓድ ጫማ መጥቶ ከጎኑ ቆመ።

"አፉ በሉኝ አባ፣ ገና ከስር ስትገቡ ጎረቤት ጠርታኝ ወጥቼ ነው። አሁን ልግባ?"

አብዱልወሀብ ብሎኑን ዘጋ። ፔዳሉ እንደተረገጠ ነው፤ ከላይ ትእዛዝ ይጠብቃል። የቀረው "ልቀቅ" ማለት ብቻ ነው።

በጀርባው እንደተንጋለለ፣ ቃሉ እንዳያመልጠው ዘይት በነካው እጁ አፉን ግጥም አድርጎ ያዘ።